ቮልስን ከውስጥ የሚበላው ዝገት

በኢትዮጵያ «ቮልስ» በሚለው አጭር ስም የሚታወቀው ትንሹ የቮልስዋገን አውቶሞቢል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት መጨረሻ በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ ለሲቪል ገበያ መመረት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የመጨረሻው መኪና እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስከ ወጣበት ዕለት ድረስ የተመረተው ብዛት 21,529,464 ደርሷል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1972 የፎርድ ሞዴል ቲ ለብዙ ዓመታት ይዞት የቆየውን የምርት ብዛት ክብረ ወሰን የሰበረውም ይኸው መኪና ነው። የኢትዮጵያ ታሪክም በአንድ ከባድ ዕለት መዝግቦታል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉ ቮልሶች ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ይታያሉ፤ ጥቂቶቹ እንደ ቅርስ ተጠብቀው፣ ብዙዎቹ ግን የዕለት ሥራቸውን እየሠሩ።

እነዚህን መኪኖች በመልካም ሁኔታ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት ያለው የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ በመጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ቀድሞ የገባ አሮጌ መኪና ከእጅ ከወጣ በሌላ የማይተካ ንብረት እየሆነ መጥቷል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ባለቤት ገንዘቡን የሚያወጣው በሞተሩና በውጭ ቀለሙ ላይ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች በመሆኑ በጥቂት ሰዓት ሥራ ሊወርድና በሌላ ሊተካ ይችላል፤ መኪናው መኪና ሆኖ እንዲቀጥል ወይም ለላሜራ ተቆራርጦ እንዲሸጥ የሚወስነው ግን ከምንጣፉ ሥርና ከመርገጫው ጀርባ ተሰውሮ የሚገኘው ብረት ነው፤ ይህን ብረት የሚያጠፋው ዝገት ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ከውስጠኛው ገጽ ነው።

ዝገት ብረት ከኦክሲጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ቀይ ቡናማ ውሕድ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሂደቱ ይቆማል፤ ፍጹም ደረቅ በሆነ አየር ውስጥ ያለ ብረትም ሆነ አየር ፈጽሞ በሌለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ የተነከረ ብረት ሳይዝግ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሂደቱ በመሠረቱ ኤሌክትሮኬሚካዊ ነው፤ ይኸውም በአንዱ ነጥብ ላይ ብረቱ ኤሌክትሮኖቹን እየለቀቀ ሲሟሟ፣ በሌላው ነጥብ ላይ ኦክሲጅን እነዚያን ኤሌክትሮኖች ይቀበላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው እርጥበት ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መንገድ ይሆናል ማለት ነው። ጨውና አሲድ የውኃውን የማስተላለፍ አቅም ስለሚጨምሩ ሂደቱን እጅግ ያፋጥኑታል። የአሉሚኒየም ዝገት ስስና ጥብቅ ሽፋን ሆኖ ከሥሩ ያለውን ብረት ሲከላከል፣ የተራው ብረት ዝገት ግን ቀዳዳ የበዛበትና እርጥበት የሚቋጥር በመሆኑ አንድ ጊዜ ከጀመረ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል፤ ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝም ያበጠው ዝገት ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል፣ ሁለት ላሜራዎች የተጋጠሙበትንም መጋጠሚያ እየፈለቀቀ ይከፍተዋል።

ከዚህ ሂደት ውስጥ ለመኪና ባለቤት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዕውቀት ዝገት የሚብሰው ኦክሲጅን በብዛት በሚደርስበት ግልጥ ቦታ ሳይሆን ኦክሲጅን በሚያንስበት፣ በጭቃ ወይም በቆሻሻ በተሸፈነ ቦታ መሆኑ ነው። በአንድ ላሜራ ላይ የተወሰነው ክፍል ለአየር ሲጋለጥ ሌላው ክፍል በጭቃ ከተሸፈነ፣ በሁለቱ መካከል የኦክሲጅን መጠን ልዩነት ይፈጠርና የተሸፈነው ክፍል ኤሌክትሮን ለቃቂ ሆኖ ይሟሟል። በጎማው በላይ በፓራፋንጎ ውስጥ የተለጠፈ ጭቃ፣ በበር ሥር የተከማቸ ቅጠልና አቧራ፣ ከወለል ምንጣፍ ሥር የቀረ እርጥብ የድምፅ መከላከያ ካርቶን ጉዳት የሚያደርሱት እርጥበት ስለሚይዙ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው። መኪናው ከላይ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ከሥሩ ጭቃው ካልተነሣ፣ እጥበቱ ለዝገቱ አዲስ ውኃ ከማቀበል ያለፈ ጥቅም የለውም።

የቮልስን ዝገት ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። መኪናው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው በመካከሉ የጀርባ አጥንት የሚሆን ክፍት ቱቦ ያለበት ወለል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከላይ የሚቀመጠው ቦዲ ነው። ሁለቱ በብሎኖች የተያያዙ ሲሆን በመካከላቸው ውኃ እንዳይገባ የሚያደርግ የጎማ መጋጠሚያ አለ። የቦዲው የታችኛው ጠርዝ በግራና በቀኝ ከበሮቹ ሥር የሚሄድ፣ በአራት ማዕዘን ቅርጽ የተሠራ ባዶ ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን በአንድ በኩል በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀውን አየር ወደ ተሳፋሪው እግርና ወደ ፊት መስተዋት የሚያደርስ መተላለፊያ ሲሆን፣ በሌላ በኩል የቦዲውን ክብደት የሚሸከምና በሮቹ በልካቸው እንዲገጥሙ የሚያደርግ ምሰሶ ነው። አንድን አካል ለሁለት ሥራ ማዋል የንድፉ ብልሃት ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ሙቅና እርጥብ አየር የሚመላለስበት፣ ሲቀዘቅዝ ጤዛ የሚቋጥር፣ በውጭ በኩል ከጎማ የሚወረወር ጭቃ የሚያገኘው ይኸው ሳጥን የመኪናው ዋና ደካማ ቦታ እንዲሆን አድርጎታል። በዚያ ዘመን ላሜራው በዚንክ የተለበጠ አልነበረም፤ የውስጠኛው ገጽ የነበረው መከላከያ ከፋብሪካ የተቀባው ቀለም ብቻ ነው።

ከዚህ ሳጥን ቀጥሎ የሚመጣው ባትሪው ያለበት ቦታ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል በቀጥታ በወለሉ ላይ በመሆኑ፣ ሲሞላ የሚተነው ወይም ሲሰነጠቅ የሚፈሰው ሰልፈሪክ አሲድ ቀለሙን በልቶ ላሜራውን ይበሳል፤ በብዙ መኪኖች ላይ የግራው ወለል ደኅና ሆኖ የቀኙ የኋላ ጥግ ብቻ እንደ ወንፊት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪውን አውርዶ ቦታውን በውኃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ ማጠብ አሲዱን ያረክሰዋል፤ ከዚያ በኋላ አድርቆ መቀባትና ባትሪውን አሲድ በማይበላው የፕላስቲክ ሳሕን ላይ ማስቀመጥ ጉዳቱ እንዳይደገም ያደርጋል። በዚሁ ቦታ ሌላ አደጋም አለ። የኋላው ወንበር የብረት ሞላዎች ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወደ ታች ስለሚወርዱ፣ የባትሪው ክዳን ከጠፋ ሞላው የባትሪውን ጫፍ ነክቶ ሾርት ሊያደርግና የወንበሩን ሙሊት በእሳት ሊያያይዝ ይችላል። ክዳኑ ርካሽ ነገር ነው፤ የጠፋበት መኪና ላይ በሌላ ማገጃ ሳይተካ መንዳት ተገቢ አይደለም።

ሌሎቹ ቦታዎች በአጭሩ ሊጠቀሱ ይችላሉ። ቅያሪ ጎማው የሚቀመጥበት የፊት ጉድጓድ የፊት ኮፈኑ የጎማ ጠርዝ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውኃ ይቋጥራል። በመስተዋቶቹ ዙሪያ ያለው ጎማ በፀሐይ ሲደነድን በሥሩ የሚገባው ውኃ ወደ በሩ ምሰሶዎች ይወርዳል። የበሮቹ የታችኛ ጠርዝ በመስተዋቱ በኩል የሚገባውን ውኃ የሚያስወጡ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነዚህ በአቧራ ወይም ባልተጠነቀቀ ቀለም ቀቢ እጅ ሲደፈኑ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው ቢዝጉም ፈትቶ መቀየር ይቻላል፤ በእነርሱና በቦዲው መካከል ያለው የፕላስቲክ ጥለት ሲያረጅ ግን ጭቃ የሚይዝ ስንጥቅ ስለሚተው፣ ፓራፋንጎው በተፈታ ቁጥር ጥለቱ በአዲስ መተካት ይኖርበታል።

የአገሩ ሁኔታ በዚህ ጉዳይ ላይ ከአውሮፓ የተለየ መሆኑን መገንዘብ ይጠቅማል። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አሮጌ መኪኖችን የጨረሳቸው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ይህ ስለሌለ የአዲስ አበባ ቮልስ ከጀርመን ወንድሙ ይልቅ ረጅም ዕድሜ የማግኘት ዕድል አለው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ለዓመታት ያገለገለ መኪና ግን ከባሕሩ በሚመጣው ጨዋማ እርጥበት ምክንያት ከሥሩ የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ታሪኩን መጠየቅና በጥንቃቄ መመርመር ተገቢ ነው። በደጋው የዝገት ዋና ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ነው፤ መኪናው ለሳምንታት ሳይደርቅ የሚቆየው፣ ጓዳ ጎድጓዳው በጭቃ የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ላይ በደጋው ከዝናብና ከጭቃ የማይተናነስ ጥፋት የሚያደርሰው ሰው ራሱ ዝገትን በስቱኮ ሸፍኖ የሚሠራው ጥገና ነው።

ስቱኮ በላሜራ ላይ የሚገኝን ስርጉድ ለመሙላት የሚያገለግል ፖሊስተር ለጥፍ ነው። በንጹሕና በደረቅ ብረት ላይ በስሱ ሲቀባ ተገቢ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን በዝገት ላይ ወይም በተበሳ ቦታ ላይ ሲለጠፍ ውኃ ከኋላው ገብቶ ስለሚመጠው፣ ሥራው አምሮ በታየ በወራት ውስጥ ቀለሙ ያብጣል፣ ሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ሳይታይ ይበልጥ ይበላል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በበሮቹ ሥርና በፓራፋንጎዎቹ ዙሪያ ቢያስኬድ፣ ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ እንዳለ ይረዳል። ሁለተኛው ፈተና ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉንና የበር ሥር ሳጥኑን በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርጎ መውጋት ነው፤ ጤነኛ ብረት ይቋቋማል፣ የተበላው ይሰምጣል። ሦስተኛው ደግሞ መኪናውን በክሪክ ከጎኑ ካነሡ በኋላ በሩን መክፈትና መዝጋት ሲሆን፣ በሩ በዚያ ጊዜ ከተጣበቀ ወይም ክፍተቱ ከተለወጠ የበር ሥር ሳጥኑ ጉልበቱን እንዳጣ ያመለክታል። በጣም በተጎዳ መኪና ላይ ክሪኩ መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ብረቱን ቀዶ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት የለበትም።

ዝገት በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል፤ ጥገናውም በደረጃው ይለያያል። በመጀመሪያው ደረጃ ዝገቱ በብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ያለ ስስ ቀይ ሽፋን ነው፤ በሁለተኛው ብረቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል፤ በሦስተኛው ይበሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ባለቤቱ ራሱ በትዕግሥት ሊሠራቸው ይችላል። ቀለሙን ዝገቱ ካለበት ጠርዝ አልፎ ጤነኛ ብረት እስኪታይ ድረስ በሽቦ ብሩሽና በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ማስወገድ፣ አቧራውን ጠርጎ ቅባቱን በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ መጥረግ፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ዝገት ደግሞ በፎስፎሪክ አሲድ ወይም በታኒን በተሠራ የዝገት መለወጫ ማከም ይቻላል። ፎስፎሪክ አሲድ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ሲለውጠው፣ በዕፅዋት ቅርፊት ውስጥ የሚገኘው ታኒን ደግሞ ጥቁርና የማይነቃነቅ ውሕድ ያደርገዋል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ግን የላላው ዝገት አስቀድሞ ከተፋቀ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንቲረስት ተብሎ የሚታወቀው የመጀመሪያ ቀለም፣ በተለይ ዚንክ የበዛበት ከተገኘ፣ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ዚንክ ከብረት ቀድሞ የሚሟሟ በመሆኑ ቀለሙ ቢጫርም ራሱን እየሰጠ ብረቱን ያድናል። አንቲረስት ተቀብቶ ዋናው ቀለም ሳይቀባ ለወራት የሚነዱ መኪኖች በከተማው ይታያሉ፤ ብዙው የመጀመሪያ ቀለም እርጥበት የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ቀለም እስኪቀባ ድረስ ያለው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ሥራው ይጸናል።

የተበሳ ብረት ግን በመቀባት አይድንም። የበሰበሰው ክፍል ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት፤ ይህም የበየጅና የባትላሜራ ሥራ ነው። በዚህ ላይ ባለቤቱ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የቮልስ ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ በወፍራም ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይቃጠላል፣ በኦክሲጅንና በአሴቲሊን እሳት ሲበየድ ደግሞ በሙቀቱ ይጣመማል፤ በቀጭን ሽቦና በመከላከያ ጋዝ የሚሠራው ብየዳ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። በአሮጌው ብረት ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ በሁለቱ መካከል ውኃ የሚቋጥር ኪስ ስለሚተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም፣ ይህ ካልተቻለም መጋጠሚያውን በማስቲሽ መድፈን ይገባል። ከሁሉ በላይ የበር ሥር ሳጥኑ የሚቆረጠው ቦዲው በወለሉ ላይ እንደታሰረ፣ በበሩ ክፍተት ውስጥ የብረት ድጋፍ ከተበየደ በኋላ መሆን አለበት፤ ያለ ድጋፍ የተቆረጠ ቦዲ ይሰምጥና በሮቹ ዳግመኛ በትክክል አይዘጉም፣ ይህን ስሕተት ማረምም ከመጀመሪያው ሥራ የበለጠ ወጪ ያስወጣል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ መነቀልና በፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው የቤንዚን ታንክ መውረድ ይገባዋል።

ብየዳው ሲያበቃ ሥራው ያበቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የብየዳው ሙቀት በሳጥኑ ውስጠኛ ገጽ ያለውን ቀለም አቃጥሎ ባዶ ብረት ስለሚያስቀር፣ ጥገናው ከውስጥ ካልተሸፈነ ዝገቱ በዚያው ቦታ እንደ ገና ይጀምራል። ለዚህ የሚያገለግለው በረጅም ቀጭን ቱቦ በባዶ ሳጥኖች ውስጥ የሚረጭ፣ ሲደርቅ ሰም የሚመስል ሽፋን የሚተው ቅባት ነው፤ በመጋጠሚያዎች ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባና ሳይሰነጠቅ ስለሚቆይ በቀለም የማይደረስበትን ይደርስበታል። በምትኩ በብዙ ቦታ የሚደረገው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከመኪናው ሥር መርጨት ነው። ዘይት ውኃን እንደሚያርቅ እውነት ቢሆንም፣ የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ያጠራቀመውን አሲድና ቆሻሻ ይዞ ስለሚረጭ፣ የጎማ ክፍሎችን ስለሚያላላ፣ የፍሬን ሸራ ላይ ቢደርስ ፍሬኑን ስለሚያከሽፍና አፈሩን ስለሚበክል ልማዱ ቢቀር ይሻላል።

እነዚህን ሥራዎች ከወቅቶች ጋር ማያያዝ ለባለቤቱ ያቀልለታል። በሚያዝያና በግንቦት፣ ከባዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ የመስተዋትና የኮፈን ጎማዎችን መፈተሽ፣ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችን በቀጭን ሽቦ መክፈት፣ የተጫረ ቀለምን መቀባት ይገባል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ፀሐይ ሲጠና ደግሞ መኪናው ከሥሩና ከፓራፋንጎዎቹ ውስጥ በደንብ ታጥቦ፣ ምንጣፎቹ ሁሉ ወጥተው ወለሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በሮቹ ተከፍተው ሊደርቅ ይገባዋል። በላቫጆ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃ ለጎማ ቤቶች ጥሩ ሲሆን፣ በመስተዋት ጎማዎችና በኋላ በሚገኙት የሞተር አየር መሳቢያ ቀዳዳዎች ላይ ሲቀርብ ግን ውኃ ወደማይገባበት ይነዳል። በወለል ላይ የሚነጠፍ የጎማ ምንጣፍ ሥሩ ያለውን ውኃ አፍኖ ስለሚይዝ በክረምት በየሳምንቱ መነሣት አለበት።

የሞተሩ እንክብካቤ ከቦዲው ይልቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን መደበኛነትን ይጠይቃል። ቮልስ ራዲያተር የሌለው፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተኙ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አለው። ውኃ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያስወግዱት ከፋኑ የሚነፍሰው አየርና ዘይቱ ናቸው። የዘይቱ መጠን 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ሞተሩ ቆሻሻ የሚያጣራበት ፊልትሮ ሳይሆን ትላልቅ ቅንጣቶችን ብቻ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በበዛበት መንገድ ደግሞ ቀደም ብሎ መቀየር አለበት። ወንፊቱ በተቻለ መጠን በየቅያሬው ወርዶ ይታጠባል፤ በእርሱ ላይ የሚገኝ አብረቅራቂ የብረት ቅንጣት ሞተሩ ውስጥ እየተበላ ያለ ነገር መኖሩን ቀድሞ ይናገራል። የወንፊቱን ክዳን የሚይዙት ስድስት ትናንሽ ብሎኖች የተተከሉት ለስላሳ በሆነው የማግኒዚየም ቅይጥ የሞተር ገላ ላይ በመሆኑ፣ በኃይል ማጥበቅ ክሩን ይበላዋል።

ከዘይት ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት ይመጣል። ይህ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚኖር ትንሽ ክፍተት ሲሆን፣ በኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት፣ በተለይም በማለዳ፣ በልኩ ስስ ብረት ነው። ቫልቮች በሥራ ብዛት ስለሚረዝሙ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሲጠፋም ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ በእሳት ይቃጠላል። ብዙ ነጂዎች የቫልቭ ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ይሁን እንጂ በቮልስ ላይ ሊያሳስብ የሚገባው ከጠበበ ክፍተት የሚመጣው ዝምታ ነው። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚሸፍንበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩ አዘውትሮ የሚቃጠለውም እርሱ ነው።

ፋኑና ዲናሞው በአንድ ቺንጋ ስለሚዞሩ፣ የባትሪው ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ድንገት ከበራ ነጂው ወዲያው መቆም አለበት፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጎብጥ ይገባዋል፤ ውጥረቱ የሚስተካከለውም በፑሊው ሁለት ገጾች መካከል ያሉትን ቀለበቶች በመጨመርና በመቀነስ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጎማ ጠርዛቸው ሙቁን አየር ከቀዝቃዛው የሚለዩ የማቀዝቀዣው አካል ናቸው። ለሥራ ያስቸግራሉ ተብለው በጋራዥ ተጥለው የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያለ እነርሱ ግን ሞተሩ ራሱ የለቀቀውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህም የማቀዝቀዝ አቅሙን ከመቀነሱ ሌላ ካርቡራተሩ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን እንዲሰጥ ያደርጋል። ጥቁር ጥላሸት የያዘ ካንዴላ የዚህ ምልክት ሲሆን፣ ባለሙያ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካበትን ባለቀዳዳ ነሐስ በጠባብ በመቀየር ያስተካክለዋል። ዘይት የሚቋጥረው የአየር ማጣሪያም በበጋ አቧራ ፈጥኖ ስለሚሞላ ከሞተር ዘይቱ ቀድሞ መጽዳት ይኖርበታል።

ሁለት ነገሮች ግን ለነገ አይባሉም። የመጀመሪያው በሞተሩ ዙሪያ ያለው የቤንዚን ጎማ ነው፤ ጨርቅ የለበሰው አሮጌው ጎማ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ የሚያንጠባጥበውም በጋለ ሞተር ላይ ነው። የማግኒዚየም ገላው ከተቀጣጠለ ውኃ እሳቱን ስለሚያባብሰው፣ ጎማውን በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ መቀየርና በማሰሪያ ማጥበቅ ከሚገመተው ሁሉ ርካሹ መድን ነው። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ ስላለው፣ ለዓመታት ሳይቀየር ሲቆይ የጠጣው ውኃ የብረት ቱቦዎቹንና የፍሬን ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋቸዋል፤ በረጅም ቁልቁለትም ሲግል ውኃው ተንኖ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሊወርድ ይችላል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ በታምቡሮው ውስጥ ያለውን ሸራም በዚያው መፈተሽና ማስተካከል ይገባል። የዘይቱ መያዣ የሚገኘው በፊት ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስለሆነ ሲሞላ የሚፈስ ጠብታ በዚያው አካባቢ ያለውን ቀለም ይልጠዋል፤ ስለዚህ የፈሰሰው ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ታጥቦ፣ ውኃውም በቅያሪ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሳይቀር በጨርቅ ተመጥጦ መድረቅ አለበት።